ድስት የጠበቀው ታሪክ፦ ስለ ኩባ ሕዝብ ምግብና ልማድ

በትምህርት ቤት የምንማረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታት፥ የጦርነትና የውል ታሪክ ነው። ለእነዚህ ጸሐፊ አላቸው፤ ሰነዳቸውም በመዝገብ ቤት ይጠበቃል። በየዘመኑ እሳት አንድደው፥ ድስት ጥደው ሕዝብን ያኖሩ ሰዎች ግን ስማቸው በመጽሐፍ አይገኝም። ታዲያ የእነርሱ ታሪክ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ነውን? እኛ የዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች አልጠፋም እንላለን። ብዕር ያልጻፈውን ድስት ጠብቆታልና። ለዚህም ምስክር አድርገን ለክቡራን መምህሮቻችን፥ ለወላጆቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው በካሪብ ባሕር ላይ ያለችው የኩባ ደሴት ሕዝብ የሚመገበውን ምግብ ነው።

ኩባን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ባለፉት 5 መቶ ዓመታት ውስጥ ከአውሮፓ፥ ከአፍሪካና ከእስያ የሄዱ ሰዎች ከአገሩ ተወላጆች ጋር በዚያች ደሴት ላይ ተገናኝተዋል፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሄዱ አይደሉም። ሁለተኛ፥ ወደ መጨረሻው እንደምናሳየው፥ የኩባና የኢትዮጵያ ሕዝብ በመብልና በመጠጥ ረገድ የሚገናኙበት መንገድ አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት የነበረው እንጀራ

ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በጥቅምት ወር 1492 ወደ ኩባ ሲደርስ ደሴቲቱ ባዶ አልነበረችም። ታይኖ የሚባል ሕዝብ በቆሎ፥ ስኳር ድንች፥ ቃሪያና ካሳቫ እያለማ፥ ዓሣም እያጠመደ ይኖርባት ነበር።

ከሰብሉ ሁሉ ዋነኛው ካሳቫ ነበረ። ካሳቫ በአገራችንም በወላይታና በጋሞ አካባቢ የታወቀ፥ ረዥም ሥሩ የሚበላ ተክል ነው። መራራ የሚባለው ዓይነት ግን መርዝ አለበት፤ ጥሬውን የበላ ሰው ይታመማል፥ ሊሞትም ይችላል። ታይኖዎች ከዚህ መርዛም ሥር እንጀራ ለማውጣት የፈጠሩት ብልሃት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። መጀመሪያ ሥሩን ይልጡታል። ቀጥሎ ጓዮ በሚባል ሻካራ መፈቅፈቂያ ይፈቀፍቁታል። የተፈቀፈቀውንም ሲቡካን በተባለ፥ ከዘንባባ በተጐነጐነ ረዥም ከረጢት ውስጥ ይጨምሩና አንዱን ጫፍ ከእንጨት ላይ ሰቅለው፥ በታችኛው ጫፍ ከባድ ነገር ያንጠለጥሉበታል። ከረጢቱ ሲጐተት እየጠበበ ስለሚሄድ መርዝ ያለበትን ውሃ ጨምቆ ያወጣዋል። የቀረው ይደርቃል፥ ይነፋል፥ ከዚያም ቡሬን በሚባል የሸክላ ምጣድ ላይ በክቡ ተነስንሶ ይጋገራል። እርሾ የለውም፤ በእሳቱ ሙቀት ብቻ ይያያዛል። ይህ ቂጣ ካሳቤ ይባላል። በደንብ ከደረቀ ወራት አልፎት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ይህ ሳይበላሽ የመቈየቱ ጠባይ ግን ለባለቤቶቹ መልካም ሆኖ አልቀረም። በ1511 ዲዬጎ ቬላስኬስ የስፔንን ጦር ይዞ ኩባን መያዝ ጀመረ። የአውሮፓ ስንዴ በዚያ ሙቀት አልሆን ስላላቸው ድል አድራጊዎቹ የድል ተነሺዎቹን እንጀራ በሉ። ኤርናን ኮርቴስም በ1519 ከኩባ ተነሥቶ ሜክሲኮን ሊወር ሲሄድ በመርከቦቹ ከጫነው ስንቅ ዋነኞቹ ካሳቤና በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ነበሩ። ከዚያም በኋላ የስፔን መርከቦች ወደ አውሮፓ ለመመለስ በሃቫና ወደብ ሲሰበሰቡ ካሳቤ የመርከበኛ ስንቅ ሆኖ ኖረ። እንግዲህ የታይኖ ሕዝብ የጋገረው እንጀራ ሌሎች አገሮች ለሚወረሩበት ዘመቻ ስንቅ ሆነ ማለት ነው።

ባለቤቶቹስ ምን ሆኑ? በወርቅ ቁፋሮና በእርሻ ሥራ በግዴታ ተጠምደው፥ ከአውሮፓ በመጣ በሽታም ተመትተው በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ አለቁ። ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የሚባለው ቄስ ራሱ በኩባ መሬትና የሚያሠራቸው ታይኖዎች ተሰጥተውት ነበር። በ1514 ለስብከት ሲዘጋጅ ከመጽሐፈ ሲራክ ስለ ድኾች እንጀራ የሚናገረውን ምዕራፍ አንብቦ ልቡ ተነካ፤ የተሰጡትንም ሰዎች ለቀቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ስለ እነርሱ ሲከራከር ኖረ። ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ልብ አልን፤ የቄሱን ሕሊና የቀሰቀሰው የእንጀራ ጉዳይ ነበረ።

ታይኖዎች ግን ጨርሰው አልጠፉም። በምሥራቅ ኩባ ተራሮች ዘራቸውን ከእነርሱ የሚቈጥሩ ቤተ ሰቦች እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ካሳቤም በዚያው በምሥራቁ ክፍል አሁንም ይጋገራል። በታኅሣሥ ወር 2024 ዩኔስኮ የካሳቤን አሠራር ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ኩባም ይህን ቅርስ ያስመዘገበችው ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ፥ ከሄይቲ፥ ከሆንዱራስና ከቬኔዝዌላ ጋር በመሆን ነው።

ስፔኖች ያመጡት

ስፔኖች አሳማ፥ ከብት፥ ዶሮ፥ ሩዝ፥ ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ከሙን፥ ሎሚና ኮምጣጣ ብርቱካን አመጡ። አሳማው በደሴቲቱ ጫካ ውስጥ በፍጥነት ተራባ። ከአንባብያን ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት የአሳማ ሥጋ እንደማይበሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን የኩባን ማዕድ ስንናገር ይህን ሥጋ ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። የወይራ ዘይት ከስፔን በመርከብ የሚመጣና ውድ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ለረዥም ዘመን ወጡን የሚሠራው በአሳማ ስብ ነበር።

የኩባ ወጥ መሠረቱ ሶፍሪቶ ይባላል። ይህም የእኛን ቁሌት ይመስላል። ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና አረንጓዴ ቃሪያ ደቀው ይከተፉና በዘይት ቀስ ተብለው ይበስላሉ፤ ከዚያም ከሙን፥ አንዳንድ ጊዜም ቲማቲም ይጨመርበታል። የአገራችን ሰው የሚደነቅበት ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ቅመም ሲገባ የሚያቃጥል በርበሬ አለመግባቱ ነው። የኩባ ምግብ እንደ አየሩ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ቃሪያ አገሩ አሜሪካ ሲሆን ወደ እኛ አገር ተሻግሮ የወጣችን ጌታ ሲሆን፥ በተወለደበት አካባቢ ባለችው በኩባ ግን ብዙ ቦታ አላገኘም። የኩባ ሰው ምግቡን የሚያጣፍጠው በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ነው፤ ይህን ማባያ ሞሆ ይሉታል።

በኩባ ሮፓ ቪዬሃ የሚባል የታወቀ ወጥ አለ፤ ትርጕሙ አሮጌ ልብስ ማለት ነው። የበሬ ሥጋ እስኪላላ ይቀቀላል፤ ከዚያም ክር ክር እየሆነ ይተለተልና በሶፍሪቶ ይሠራል። ሥጋው እንዳለቀ ጨርቅ ክሩ ስለሚታይ ይህ ስም ወጣለት። ወጡም ስሙም ከስፔን የመጡ ናቸው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርም ስም ያለው ጥቁር አደንጓሬና ነጭ ሩዝ አብረው የሚሠሩበት ምግብ ነው። ሞሮስ ኢ ክሪስቲያኖስ ይባላል፤ ይኸውም እስላሞቹ ሙሮችና ክርስቲያኖች ማለት ነው። በስፔን ምድር ከ711 እስከ 1492 ሁለቱ ወገኖች ሲዋጉም አብረው ሲኖሩም ስለ ቈዩ፥ ጥቁሩን በሙሮች፥ ነጩን በክርስቲያኖች መሰሉት። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። በክርስቲያኖቹ የተመሰለውን ሩዝ በስፔን አገር ያስፋፉት ሙሮቹ ራሳቸው ናቸው። በሙሮቹ የተመሰለው አደንጓሬ ደግሞ የአሜሪካ እህል ስለ ሆነ፥ ሙሮቹ ስፔንን በሚገዙበት ዘመን አይተውት አያውቁም። ሰው በመልክ ብቻ ሲፈርድ እንዴት እንደሚሳሳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በማዕድ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

የስኳር ዘመንና የባሮች ድርሻ

አሁን ከታሪኩ ሁሉ ወደሚከብደው ክፍል ደርሰናል። የሸንኮራ አገዳ ወደ ኩባ የገባው ገና በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግሊዞች በ1762 ሃቫናን ለአንድ ዓመት ያህል ከያዙ በኋላና በተለይም በ1791 በጎረቤት በሄይቲ ባሮች ተነሥተው የስኳሩ ሥራ ከፈረሰ በኋላ፥ የኩባ ስኳር እጅግ ተስፋፋ። በ19ኛው መቶ ዓመት ኩባ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ስኳር የምታመርት አገር ሆነች። ይህንንም ስኳር ያመረቱት ከአፍሪካ በግዴታ የተወሰዱ ባሮች ናቸው። በባሪያ ንግድ ዘመን ኩባ ከገቡት አፍሪካውያን ብዛት ከ7 መቶ ሺህ ይበልጣል። ባርነት በኩባ በሕግ የተሻረው በ1886 ነው።

ባሮቹ ምን ይበሉ ነበር? በዚህ ረገድ አንድ ሰነድ አለ። በ1842 የስፔን መንግሥት አገረ ገዥ ያወጣው ደንብ ለአንድ ባሪያ በቀን የግድ ሊሰጠው የሚገባውን ምግብ ይወስናል፤ ይኸውም 6 ወይም 8 የወጥ ሙዝ፥ ወይም በምትኩ ስኳር ድንች፥ ቦዬ ወይም ካሳቫ፤ 8 ወቄት ሥጋ ወይም በጨው የደረቀ ዓሣ፤ 4 ወቄት ሩዝ ወይም ሌላ ዱቄት ነው። ይህ የስፔን ወቄት ወደ 29 ግራም ስለሚመዝን ሥጋው 230 ግራም፥ ሩዙ 115 ግራም ያህል ይሆናል። ደንቡ የሰውን ነፍስ በወቄት መዝኖ አስቀመጠው። በተግባርም ጌታው ደንቡን አክብሮ እንደ ሆነ የሚቈጣጠርለት ሰው ለባሪያው ብዙ ጊዜ አልነበረውም።

ሥጋ የተባለውም ታሳሆ ነበር። ታሳሆ ቋንጣ ነው፤ ከላ ፕላታ ወንዝ አገር፥ ይኸውም ከአርጀንቲናና ከኡሩጓይ በጨው ታሽቶና በፀሐይ ደርቆ በመርከብ ይመጣል። ዓሣውም ከሰሜን አትላንቲክ ባሕር ተጠምዶ በጨው የደረቀ ነው። እነዚህን የመረጧቸው ርካሽና የማይበላሹ ስለ ነበሩ ነው። ባሮቹ ግን ጨዉን በውሃ አውጥተው፥ ቀቅለውና ተልትለው፥ በሶፍሪቶ አጣፍጠው ዛሬ የኩባ ሰው በደስታ የሚበላው ወጥ አደረጓቸው።

ከዚህም በላይ ባሮቹ በዕረፍታቸው ሰዓት የሚያርሷት ትንሽ ቊራሽ መሬት በብዙ ቦታ ይሰጣቸው ነበር። የዚህች መሬት ስም ኮኑኮ ይባላል። ኮኑኮ ደግሞ የታይኖ ቃል ነው፤ እነርሱ ካሳቫ የሚተክሉበትን እርሻ የሚጠሩበት ስም ነበር። ስለዚህ ከአፍሪካ የተጋዘው ሰው ባለቤቱ ባለቀበት እርሻ ላይ፥ በባለቤቱ ስም እየጠራ፥ የባለቤቱን ካሳቫና የራሱን አገር ቦዬ ጎን ለጎን ተከለ ማለት ነው። ሁለቱ የተገፉ ሕዝቦች የተገናኙባት ይህች መሬት የኩባ ምግብ አባት ናት ብንል አልተሳሳትንም።

አፍሪካውያን ያመጡትን ስሞቹ ይመሰክራሉ። ባሚያን ኪምቦምቦ ይሉታል፤ ቃሉ ከአንጎላ አካባቢ ቋንቋዎች የመጣ ነው። የተቀቀለ ሙዝ ተወቅጦ ሲላቈጥ ፉፉ ይባላል፤ በጋናና በአካባቢዋ ባሉ አገሮችም ተወቅጦ የሚበላው ምግብ ፉፉ ይባላል። ከነጭ ጥቁር ዓይን አደንጓሬ ተፈጭቶ በዘይት የሚጠበሰው ኳስ መሳይ ምግብ ደግሞ በናይጄሪያ አካራ የሚሉት ነው። ከዮሩባ ሕዝብ የሄዱት ባሮች የአባቶቻቸውን አምልኮ በስውር ይዘው ስለ ቈዩ፥ በዚያ አምልኮ ሥርዓት የሚቀርቡት ምግቦች አሠራራቸው ሳይለወጥ ቈይቷል፤ ለምሳሌ የበቆሎ ገንፎ ከባሚያ ጋር ሻንጎ ለሚሉት ይቀርባል። እኛ በክርስትና ትምህርት ያደግን ስለ ሆንን እምነቱን አንጋራም፤ ነገር ግን ስሙን፥ ቋንቋውንና ቤተ ሰቡን የተነጠቀ ሰው የእናቱን አሠራር አለመርሳቱን ሳናደንቅ አናልፍም።

ከሄይቲና ከቻይና የመጡት

በሄይቲ ባሮች ሲነሡ ብዙ የፈረንሳይ ባለርስቶች ባሮቻቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ኩባ ሸሹ። በምሥራቁ ክፍል ቀይ አደንጓሬና ሩዝ አብረው ሲሠሩ ኮንግሪ ይባላሉ። ፌርናንዶ ኦርቲስ የተባለው የኩባ ሊቅ እንደሚያስረዳው፥ ቃሉ የመጣው ከሄይቲ ነው፤ በዚያ ቀዩን አደንጓሬ ኮንጎ፥ ሩዙን ሪ ይሉታል። ስለዚህ አንድ ጭልፋ ምግብ ስትነሣ የአንድ የአፍሪካ አገር ስምና አንድ የፈረንሳይ ቃል አብረው ይነሣሉ።

የባሪያ ንግድ እየከበደ ሲሄድ ባለ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ እስያ አዞሩ። በሰኔ ወር 1847 የመጀመሪያዎቹን የቻይና ሠራተኞች የጫነች መርከብ ሃቫና ደረሰች። ከዚያ እስከ 1874 ድረስ ከ1 መቶ 20 ሺህ የሚበልጡ ቻይናውያን ገቡ። ውላቸው የ8 ዓመት ነበር፤ ኑሯቸው ግን ከባሮቹ ብዙም የሚለይ አልነበረም። ውሉን ጨርሰው ከተረፉት አንዳንዶቹ አትክልት ማልማትና ምግብ መሸጥ ጀመሩ። በ1858 አንድ ቻይናዊ በሃቫና በሳንኻ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ከእርሱም ጀምሮ ያ ሰፈር የቻይና ሰፈር እየተባለ አደገ። ዛሬ ሩዝ ከእንቊላልና ከሽንኩርት ጋር ጠብሶ መብላት ለኩባ ሰው የቤቱ ምግብ ነው።

ሁሉን ያቀፈው ድስት

በኩባ አሂያኮ የሚባል ወጥ አለ። አሂ በታይኖ ቋንቋ ቃሪያ ማለት ሲሆን፥ ስፔኖች በቋንቋቸው ቅጥያ ጨምረውበት አሂያኮ ሆነ። በአንድ ትልቅ ድስት ካሳቫ፥ ስኳር ድንች፥ በቆሎ፥ ቦዬ፥ ጎደሬን የሚመስል ማላንጋ የተባለ ሥር፥ ሙዝና ልዩ ልዩ ሥጋ አብረው ይበስላሉ። ቶሎ የሚበስለውና ቈይቶ የሚበስለው በየተራው ይገባል።

ፌርናንዶ ኦርቲስ በ1939 በሃቫና ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር የኩባን ሕዝብ በዚህ ወጥ መሰለው። በእርሱ አስተያየት ድስቱ ከእሳት ወርዶ አያውቅም፤ ዘወትር አዲስ ነገር ይጨመርበታል። ቀድሞ የገባው ከሥር ሟሙቶ መረቅ ሆኗል፤ አሁን የገባው ገና ጥሬ ሆኖ ከላይ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሰው የኩባን ሕዝብ ምንነት ሲጠይቅ የተጠናቀቀ ነገር አያገኝም፤ እየበሰለ ያለ ነገር ያገኛል። በሚቀጥለው ዓመት በ1940 ስለ ትንባሆና ስለ ስኳር ባሳተመው መጽሐፉም፥ ሁለት ባህሎች ሲገናኙ ሁለቱም ተለውጠው ሦስተኛ እንደሚወልዱ የሚገልጽ አዲስ ቃል ለሊቃውንት አስተዋወቀ።

ምሳሌው መልካም ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ አንድ ቃል ልንጨምር እንወዳለን። ወጡ ጣፈጠ ብለን የእሳቱን ነገር መርሳት አይገባም። ታይኖውም አፍሪካዊውም ቻይናዊውም ወደ ድስቱ የገቡት በየፈቃዳቸው አይደለም። የምግቡን ጣዕም የሚያመሰግን ሰው የከፈሉትንም ዋጋ አብሮ ሊያስብ ይገባል።

በዓልና ችግር

የኩባ ሰው ትልቁ ማዕድ የልደት ዋዜማ ማታ ነው። ቤተ ሰብ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከቀኑ ጀምሮ በግቢ ውስጥ በፍም ላይ አሳማ ይጠበሳል፤ ከእርሱም ጋር የተቀቀለ ካሳቫ በሞሆ፥ ሩዝና አደንጓሬ ይቀርባሉ። መንግሥት በ1969 የልደትን በዓል ከሕዝብ በዓላት ሰርዞት ነበር፤ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በጥር 1998 ኩባን ከመጐብኘታቸው በፊት እንደገና ተፈቀደ። በመካከል ባሉት ዓመታትም ብዙ ቤቶች የዋዜማውን ማታ በጸጥታ ሲያከብሩ ኖረዋል። ሕግ የዘጋውን በዓል ማዕድ አቈየው።

ከ1959ኙ አብዮት በኋላ ብዙ ኩባውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በፍሎሪዳ ክፍለ አገር በሚያሚ ከተማም የአገራቸውን ምግብና ቡና ይዘው ሰፈር መሠረቱ። በአገር ውስጥ የቀሩት ደግሞ ከ1962 ጀምሮ ሩዝ፥ አደንጓሬ፥ ዘይትና ስኳር በራሽን ደብተር ይቀበሉ ነበር። በ1991 ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ከእርስዋ ይመጣ የነበረው ነዳጅና እህል ስለ ተቋረጠ ታላቅ ችግር ወረደ። በ1992 እና በ1993 ከምግብ ጉድለት ጋር በተያያዘ የነርቭ በሽታ 50 ሺህ ያህል ሰዎች ታመሙ። በዚያ ዘመን የብርቱካን ዘመድ የሆነውን የግሬፕፍሩትን ልጣጭ እንደ ሥጋ ጠብሰው መብላታቸውን የዘመኑ ሰዎች ይናገራሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስምዋ የሚነሣ አንዲት ሴት አለች። ኒትሳ ቪያፖል በ1923 ተወልዳ በ1998 ያረፈች ስትሆን፥ ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ምግብ አሠራር አስተምራለች። ቀድሞ በሞላ ጓዳ ታስተምር የነበረችው ሴት፥ ኋላ ያለ ሥጋ፥ ያለ እንቊላል፥ ያለ ቅቤ እንዴት እንደሚሠራ ማስተማር ግድ ሆነባት። የምትጀምረው ከሚገኘው ነገር ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ምን አለ? ከዚያስ ምን ይሠራል? የአገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤት ያፈራውን ቅመሱ ይላል። እርስዋም ለሕዝብዋ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ዛሬም በኩባ የምግብ ችግር ጨርሶ አልተወገደም።

ከእኛ አገር ጋር ያለው ግንኙነት

በመግቢያችን ቃል እንደ ገባነው አሁን ወደ አገራችን እንመለሳለን። ቡና አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከእኛ ወደ የመን፥ ከዚያም በብዙ እጅ አልፎ ወደ ካሪብ ደሴቶች ደረሰ። ወደ ኩባ የገባው በ1748 ነው። ከሄይቲ የሸሹት ፈረንሳዮች በምሥራቅ ኩባ ተራሮች ላይ በሰፊው አስተከሉት፤ የተከሉትና የለቀሙት ግን ባሮቻቸው ናቸው። የእነዚያ እርሻዎች ፍርስራሽ በ2000 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ ኩባዊ ቤት የገባ እንግዳ ቡና ሳይቀርብለት አይወጣም፤ ቡናው ወፍራም ነው፥ በትንሽ ስኒ ይቀዳል፥ ስኳሩም ብዙ ነው። በኩባና በእኛ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው መጠጥ አንድ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ያ ፍሬ ከጫካችን ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ስንት እጅ እንዳለፈና ከእጆቹም ስንቱ የታሰረ እጅ እንደ ነበረ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ግንኙነት የቅርብ ነው። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። ከዚያ በኋላ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡትን ጨምሮ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ተምረዋል። በዚያ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሥርዓት የቀኑን ግማሽ ትምህርት፥ ግማሹን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ሥራ የሚያደርግ ነበር። ጤፍ በሌለበት አገር እነዚያ ልጆች በሩዝና በአደንጓሬ አደጉ። ብዙዎቹም ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው አገራቸውን አገልግለዋል። ምናልባት ይህን መጽሔት ከሚያነቡ ወላጆች መካከል የኮንግሪን ጣዕም ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ይኖሩ ይሆናል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከላይ እንዳየነው በአንድ የኩባ ገበታ ላይ የታይኖ ካሳቫ፥ የስፔን ሶፍሪቶ፥ የአንጎላ ባሚያ፥ የሄይቲ አደንጓሬ፥ የቻይና ሩዝና የኢትዮጵያ ቡና አብረው ተቀምጠዋል። ድል ያደረጉት ሰዎች ስም በሐውልት ላይ ተጽፏል። ድል የተነሡት ሰዎች ስም ግን ኮኑኮ፥ ካሳቤ፥ ኪምቦምቦና ፉፉ በሚሉት ቃላት ውስጥ በየቀኑ በሕዝቡ አፍ ይነሣል። ይህን ያቈዩትም ፊደል የማያውቁ እናቶች ናቸው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የመሥራቾቹን ስምና ፎቶግራፍ ማየታችን መልካም ነው። ከዚህም ጋር በዚሁ ዘመን ሁሉ ለተማሪው ምሳ የሠሩትን፥ እንጀራ የጋገሩትንና ውሃ የቀዱትን ሴቶች ስም የሚያስታውስ ቢኖር በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ቢጻፍ እንወዳለን። በየቤታችንም እናቶቻችንንና አያቶቻችንን፥ ይህ ምግብ ከማን ተማራችሁት፥ ከየትስ አገር መጣ ብለን እንጠይቅ፤ የሚነግሩንንም በጽሑፍ እናኑር። ድስት ታሪክን ይጠብቃል፤ ድስቱን የጣደው ሰው ካለፈ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይገኝም።